የአንድ አሮጌ ብስክሌት ዘር ማንዘር

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ጽሑፍ ስለ አንድ አሮጌ ብስክሌት ነው። ነገሩ ተራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብስክሌቱ የተገጣጠመባቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ እየለየን፣ ከየት አገር እንደ መጡና በምን ዓይነት ሰዎች እጅ እንደ ተሠሩ ስንመረምር፣ የእኛን የቤተ እስራኤልን ታሪክ የሚነካ ቁም ነገር አገኘሁበት። የራሴን ስሕተትም አገኘሁበት። ስለዚህ ላካፍላችሁ ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ጌዴራ ውስጥ ነው። አንድ አሮጌ ቤት ሲታደስ ከማሕሳኑ የወጣ ዕቃ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ተከምሮ ነበርና፣ አብረውኝ የነበሩ ሁለት ወጣቶች ከክምሩ ውስጥ አንድ ብስክሌት ጎትተው አወጡ። የቤቱን ሰዎች ብንጠይቅ "ውሰዱት" አሉን። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ ነው። ከፊትም ከኋላም ጭቃ የሚከላከል ቆርቆሮ አለው። ከኋላው ጓዝ የሚጫንበት ብረት ተገጥሞለታል። ረጅም መንገድ ለመጓዝ የተሠራ የጉዞ ብስክሌት መሆኑ ያስታውቃል። ቀለሙ ግን ተልጦ፣ የሠሪው ስም ጠፍቷል። ልጆቹ "አልቴ ዛኽን!" እያለ በየሰፈሩ ለሚዞረው አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ሸጠን ለፍላፍል ይሁነን አሉ። እኔ ግን በኪርያት ማላኺ የሚኖሩ አንድ አባት ትዝ አሉኝ። አንድ ጊዜ ለጉዳይ ቤታቸው በሄድሁ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ብስክሌት ገልብጠው ሲጠግኑ አይቻቸው ነበር።

እኒህን አባት የማውቃቸው በሥራዬ ነው። እኔ በልጅነቴ ከጎንደር መጥቼ፣ እዚሁ አገር በዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት የተማርሁ ኦቬዴት ሶሲያሊት ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእርሳቸውን ቅጽ የሞላሁት እኔው ነበርሁ። "አባባ፣ አገር ቤት ምን ይሠሩ ነበር?" ብዬ ስጠይቃቸው፣ "እንደ ሰው አርሼ ኖርሁ፣ ልጄ" አሉኝ። እኔም ሌላ ሳልጠይቅ "ሙያ" በሚለው መስመር ላይ "የለም" ብዬ ጻፍሁ። ይህን እዚህ የምጽፈው እርሳቸውን አስፈቅጄ ነው፤ ስማቸው ግን እንዲቆይ ፈልገዋል።

ቃሉ የሚናገረው ታሪክ

ብስክሌቱን በሩ ላይ ገልብጠው መነጽራቸውን አደረጉና ለልጆቹ "ካቻቢቴና ፒንሳ አቀብሉኝ" አሏቸው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ቃሉን ሰምተውት አያውቁም። ሽማግሌው ሳቁና ብስክሌቱን እየጠቆሙ ይቆጥሩላቸው ጀመር። ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ሞዞ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ፓራፋንጎ፣ ፖርቶመጋላ፤ አካሉን ደግሞ ቴላዮ አሉት።

እነዚህ ሁሉ በአማርኛ አፍ የተገሩ የጣልያን ቃላት ናቸው። ጣልያን በ1885 ምጽዋን ይዞ፣ በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቱ አደረገ። ከ1936 እስከ 1941 ደግሞ ኢትዮጵያን በሙሉ ለመግዛት ሞከረ። መኪናና ብስክሌት በብዛት የገቡት በዚያው በር ነውና፣ ዕቃው ስሙን ይዞ መጣ። ጣልያን ከወጣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖት ጎማ የሚጠግነው ሰው ዛሬም ጎሚስታ ይባላል።

እዚህ አገርም ተመሳሳይ ነገር አለ። ኦፋናይም የሚለው ስም ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእይ ካያቸው መንኮራኩሮች፣ ከኦፋኒም የመጣ ሲሆን "ሁለት መንኮራኩር" እንደ ማለት ነው። ነገር ግን ወደ ጋራዥ ብትሄዱ ነቢይ የማያውቃቸውን ፓንቸርና ብሬክስ የሚሉ ቃላት ትሰማላችሁ። እነዚህ እስከ 1948 ይህን አገር ያስተዳደሩት እንግሊዞች የተዉአቸው ናቸው። እንግዲህ ቃልም እንደ ብረት ማኅተም አለው፤ የሚያውቅ ሰው ከየት እንደ መጣ ያነብበዋል።

የሽማግሌው ቃላት የአስመራ ማኅተም ነበረባቸው። አባታቸው ጎንደር ውስጥ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። እርሳቸው ከአባታቸው ወናፍ ተነሥተው በ15 ዓመታቸው፣ በ1960 ገደማ፣ አስመራ ወርደው አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ተቀጠሩ። አስመራ በዚያን ጊዜ የብስክሌት ከተማ ነበረች። በቅኝ ግዛቱ ዘመን ውድድሩ የጣልያኖች ብቻ ነበር። በ1939 ግን ኤርትራውያን ከጣልያኖቹ ጋር እንዲፈተኑ ተፈቀደና ገብረማርያም ገብሩ የተባለው አሸነፈ። በ1946 ደግሞ ኤርትራን የሚዞር ውድድር ተጀመረ። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ከሯጮቹ ጋር አራት ብስክሌተኞች ተላኩ። እነርሱም ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባሕታና ኃይሉ ፋና ናቸው። ገረመው 24ኛ ሲወጣ፣ ቡድኑ በጎዳና ውድድር 9ኛ ሆነ። ኢትዮጵያ ገና አበበ ቢቂላን ሳታሳይ ብስክሌተኛ አሳይታ ነበር ማለት ነው።

ብረቱ የሚናገረው ታሪክ

ወደ ብስክሌታችን እንመለስ። ስሙ የጠፋ ብስክሌት አገሩ እንዴት ይታወቃል? ሽማግሌው መጀመሪያ የሄዱት የፔዳሉ ዘንግ ወደሚያልፍበት ቱቦ ነው። በዚህ ቱቦ ግራና ቀኝ፣ ኩሽኔታውን ይዘው የሚታሰሩ ባለ ጥርስ ቀለበቶች አሉ። በቀኝ በኩል ያለውን ሲፈቱት እንደ ተለመደው ብሎን ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ቀኝ እየዞረ ወጣ። "ይኸ የእንግሊዝ ነው፤ ጣልያን እንዲህ አያስርም" አሉ።

ትክክል ናቸው። በጣልያንና በፈረንሳይ ሥራ ሁለቱም ቀለበቶች ወደ ግራ ሲዞሩ ይፈታሉ። በእንግሊዝ ሥራ ግን የቀኙ ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው። ጥቂት የስዊስ ሥራዎችም እንዲሁ ናቸው። ቱቦውን ብንለካው 68 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ የጣልያን ቢሆን 70 ይሆን ነበር። ይህን ከየት እንዳወቁት ብጠይቃቸው፣ "አስመራ እያለሁ የእንግሊዙን በጣልያን ልማድ ልፈታ ስታገል ጥርሱን በላሁበትና ጌታዬ በጥፊ አጮለኝ" አሉ። እንግሊዞች ከ1941 እስከ 1952 ኤርትራን ያስተዳድሩ ስለ ነበር ብስክሌታቸውም እዚያ ቀርቶ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ አካሉን በጨርቅ ቢጠርጉት፣ ከኮርቻው በታች ካለው ቱቦ ላይ የተቀደደ ወረቀት ቅሪት ወጣ፤ 531 ይላል። ይህ ሬይኖልድስ የተባለው የበርሚንግሃም ፋብሪካ ከ1935 ጀምሮ የሠራው የብረት ቱቦ ምልክት ነው። ቱቦው መገጣጠሚያው ላይ ወፍራም፣ መሐሉ ላይ ስስ ስለሆነ ሳይደክም ክብደቱ ይቀንሳል። ይህን አሠራር ፋብሪካው በ1897 በስሙ አስመዝግቦታል። ፋብሪካው ግን በ1841 ሥራ የጀመረው ሚስማር በመሥራት ነው።

ፔዳሉን የሚያዞረው ትልቁ ባለ ጥርስ ብረት ላይ ቢ ኤስ ኤ የሚሉ ፊደላት ተቆርጠውበታል። በፔዳሉ ክንድ ጀርባ ደግሞ እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ ሦስት ጠመንጃዎች ተቀርጸዋል። ልጆቹ ለምን ጠመንጃ ብለው ጠየቁ። ይህ ድርጅት በ1861 የበርሚንግሃም ጠመንጃ አንጥረኞች ተሰባስበው ያቋቋሙት ነው። የጠመንጃ ገበያ ሲቀዘቅዝባቸው በ1880 ወደ ብስክሌት ሥራ ገቡ። ምልክታቸውን ግን አልቀየሩም።

ፔዳሎቹ ላይ ሊዮታር የሚል ስም አለ። ሊዮታር የሴንት ኤትየን ሠሪ ነው። ሴንት ኤትየን የፈረንሳይ የጠመንጃ ከተማ ናት። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት፣ በ1896 አድዋ ላይ በብዙ እጅ የነበረው ጠመንጃ፣ ስሙ "ፉዚ ግራ" ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ሲሆን፣ ከተሠራባቸው ከተሞች አንዷ ይህችው ሴንት ኤትየን ናት። ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ፔዳሉን በእጃቸው እያዞሩ ዝም ብለው ቆዩ። በዚያች ከተማ ፖል ደ ቪቪ የተባለ ሰው ነበረ፤ ከ1853 እስከ 1930 ኖሯል። ብስክሌት ለእሽቅድምድም ብቻ ሳይሆን አገር ለማየት ይሁን፣ ዳገት ለመውጣትም ብዙ ማርሽ ይኑረው እያለ ዕድሜውን ሙሉ ጽፏል። የጉዞ ብስክሌት የምንለው ዓይነት አባት ከሚባሉት ዋነኛው እርሱ ነው።

ኮርቻው የደረቀ ቆዳ ነው፤ ብሩክስ ይላል። ብሩክስ በ1866 በበርሚንግሃም የፈረስ ዕቃ ከቆዳ በመሥራት የተጀመረ ቤት ነው። ባለቤቱ ፈረሱ ሲሞትበት ብስክሌት ተውሶ ነዳ፣ መቀመጫው ቢቆረቁረው ከቆዳ ኮርቻ ሠራ ይባላል።

የሁለቱም ጎማ ሞዞዎች ግን የጣልያን ሆነው ተገኙ፤ የቪቼንሳው ካምፓኞሎ ሥራ ናቸው። መንኮራኩሩ ያለ መፍቻ፣ በእጅ በሚታጠፍ ዘንግ ይፈታል። ቱልዮ ካምፓኞሎ ይህን የፈለሰፈው፣ በ1927 በተራራ ላይ ውድድር በበረዶ እጁ ደንዝዞ ጎማውን መፍታት ቢያቅተው ነው ይባላል። የፈጠራ መብቱን በ1930 አስመዘገበ፤ ፋብሪካውን በ1933 ከፈተ። ሽማግሌው ከኩሽኔታው ጎን ያለውን ዳዶ በምራቅ አርሰው ጠራረጉና "አንብብ" ብለው ለአንዱ ልጅ ሰጡት፤ 64 ይላል። ይህ ፋብሪካ ዳዶው ላይ የዓመቱን ሁለት አኃዝ ይመታ ነበር። በሁለቱም ሞዞዎች ላይ ያለው አኃዝ አንድ ነው፤ አረጃጀታቸውም ከአካሉ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ብስክሌቱ በ1964 ወይም ከዚያ ጥቂት ዘግይቶ ተገጣጥሟል ብንል ከእውነት አንርቅም።

አንድ ዕቃ ብቻ አልተስማማም፤ ማርሽ ቀያሪው። ሺማኖ ይላል፤ የጃፓን ነው። በተገጠመበት ቦታ ደግሞ ቀድሞ ሌላ ዕቃ ታስሮ የነበረበት የቀለም ጠባሳ ይታያል። የጃፓን ማርሽ ወደ አውሮፓ በብዛት የገባው በ1970ዎቹ ስለሆነ፣ ያኔ ወይም ከዚያ በኋላ የተተካ መሆን አለበት። ሺማኖ በ1921 ሳካይ በተባለች ከተማ በአንድ ትንሽ የብረት ሥራ ቤት ተጀመረ። ሳካይ ደግሞ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በጠመንጃና በቢላዋ አንጥረኞቿ የታወቀች ናት። ብስክሌት ከባሕር ማዶ ሲመጣ ጠጋኞቹ፣ በኋላም ሠሪዎቹ፣ እነርሱው ሆኑ።

አንጥረኛና ስሙ

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ የዚህን ብስክሌት ዘር ማንዘር ስንቆጥር የምናገኘው ሚስማር መቺ፣ ጠመንጃ አንጥረኛ፣ ቢላዋ ሠሪና ቆዳ ሠሪ ነው። አራት አገር ብንዞር የሚቀበለን ያው ባለ መዶሻና ባለ ወናፍ ነው። በርሚንግሃም፣ ሴንት ኤትየንና ሳካይ በእነዚህ ሰዎች እጅ ከበሩ። ስማቸውም በብረት ላይ ተመትቶ በመላው ዓለም ዞረ።

የእኛ አባቶች ግን እንዲህ አልገጠማቸውም። እንደሚነገረው፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ አባቶቻችንን ድል ካደረገ በኋላ ክርስትና ያልተቀበለ ርስት እንዳይኖረው ተደረገ። ርስት ያጣ ሰው ወይ የሰው መሬት በጭሰኝነት ያርሳል፣ ወይም በእጁ ሥራ ያድራል። አባቶቻችን ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ግንበኛ፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ከቆረቆረ በኋላ አብያተ መንግሥቱ ሲሠሩ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ። ገበሬው ያለ እኛ ማረሻ አያርስም፤ እናቱ ያለ እኛ ድስት ወጥ አትሠራም። ሆኖም ብረትን በእሳት የሚለውጥ ሰው ሌሊት ራሱንም ጅብ አድርጎ ይለውጣል ተባለ። ቡዳ ተባልን። በዚህ ስም ቤት የተቃጠለባቸው፣ የተደበደቡና የተገደሉ ወገኖች አሉ።

አሁን ያ ሽማግሌ "እንደ ሰው አርሼ ኖርሁ" ያሉኝ ለምን እንደ ሆነ ገባኝ። "እንደ ሰው" ያሉት ቃል ነው ቁም ነገሩ። ቀጥቃጭ ነበርሁ ማለት ለእርሳቸው ዘመን ሰው ስድቡን በገዛ አፉ መጥራት ነበር። እኔ ደግሞ ሳልጠይቅ በጽሕፈት አጸናሁት። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ሲመጡ በ40ዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ጎልማሳ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በፋብሪካ ጠራጊነት ሠርተው ጡረታ ወጡ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የእጃቸውን ሙያ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ይህ የሌላ ሰው ጥፋት ብቻ ነው ብዬ እንዳላልፍ ቅጹ የእኔ የእጅ ጽሕፈት አለበት።

እኛ ከአገር ቤት ኦሪትን ይዘን መጣን እንጂ ታልሙድን የተዋወቅነው እዚህ ነው። ከተማችን ያቭኔ ደግሞ የታልሙድ ሊቃውንት መናገሻ ነበረች። ስለ እነርሱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። የሸንጎው አለቃ ራባን ጋምሊኤል፣ በአደባባይ ያዋረዱትን ራቢ ይሆሹዓን ይቅርታ ሊጠይቁ ወደ ቤቱ ሄዱ። የቤቱ ግድግዳ በጥላሸት ጠቁሮ ቢያዩ፣ ከሰል ከሳይ ወይም አንጥረኛ መሆኑን ያን ጊዜ ገና አወቁ። በኢየሩሳሌም ታልሙድ እንደ ተተረከው ደግሞ መርፌ ሲሠራ አገኙት። ራቢ ይሆሹዓም፣ ሊቃውንቱ እንጀራቸውን በምን ድካም እንደሚያገኙ የማያውቅ መሪ ላለው ትውልድ ወዮለት የሚል ብርቱ ቃል መለሰላቸው። ይህን ታሪክ በተማሪነቴ ሳነብበው ስለ ጥንት ሰዎች ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ለልጆቻችንና ለአባቶቻችን

ሽማግሌው ብስክሌቱን በሦስት ሳምንት አዘጋጁት። ኩሽኔታዎቹን በጋዝ አጥበው በቅባት መልሰው፣ ከመነዳሪና ጎማ ብቻ በአዲስ ቀየሩ። የጃፓኑን ማርሽ ቀያሪ አውጥተን የዘመኑን ፈረንሳዊ ወይም ጣልያናዊ ፈልገን እንግጠምለት ወይ ብላቸው፣ "ለምን? ይኸም እኮ ሠርቶ ነው እዚህ የደረሰው" አሉኝ። እንዳለ ተውነው።

እኔም ወደ ቢሮ ሄጄ ቅጹን አወጣሁ። "የለም" የሚለውን ሰርዤ "ቀጥቃጭና ብስክሌት ጠጋኝ" ብዬ ጻፍሁ። ጡረተኛ ስለሆኑ ይህ ለገቢያቸው አንዲት አጎራ አይጨምርም። ሄጄ ስነግራቸው፣ "በዕብራይስጥ ምን ይባላል?" ብለው ጠየቁኝ። "ናፓኽ" አልኋቸው። አንዴ በአፋቸው ደገሙትና፣ "ስድብ አይደለም?" አሉ። "አይደለም፣ አባባ" አልኋቸው።

በዕብራይስጡ ገጽ ለምታነብቡ ወጣቶች አንድ አደራ አለኝ። ከማሕሳን የወጣ አሮጌ ብስክሌት ስታገኙ ለአልቴ ዛኽን ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ቦታ ተመልከቱ፤ የዳዶውን ጎን፣ የፔዳሉን ክንድ ጀርባ፣ ከኮርቻው በታች ያለውን ቱቦ። የማታውቁትን ፊደል ጻፉና የምታገኙትን አዋቂ ጠይቁ። ቤታችሁ ውስጥ ያሉትን አያት ደግሞ "ምን ነበሩ?" ብቻ ሳይሆን "እጅዎ ምን ያውቃል?" ብላችሁ ጠይቁ። እንደ እኔ አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ አትመለሱ።

ብስክሌቱ አሁን ከሁለቱ ልጆች በአንደኛው እጅ ያቭኔ ይገኛል። ፍሬኑ ሲላላ ወደ ኪርያት ማላኺ ይወስደዋል። ባለፈው ሳምንት ሲደውልልኝ ኩሽኔታ የሚለውን ቃል እኔ ሳልነግረው ተናገረው።

ሰላም ሰንብቱ።